ሕፃኑ ከመምጣቱ በፊት፦ ያገለገለ ፎር ዊል መኪና ሲገዙ ከኋላ ወንበር ይጀምሩ

በአዲስ አበባ ልጅ የሚጠብቁ ባልና ሚስት ደጋግመው ከሚነጋገሩባቸው ጉዳዮች አንዱ መኪና ነው። እስከዚያ ድረስ በታክሲ ወይም በትንሽ የቤት መኪና ሲመላለሱ የቆዩ ሁሉ፣ የእርግዝናው ወራት እየገፋ ሲሄድ «ከፍ ያለ መኪና ያስፈልገናል» ማለት ይጀምራሉ። ምክንያትም አላቸው። በርካታ ወጣት ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው የከተማዋ ዳርቻዎች ክረምት ሲገባ ጭቃ ናቸው፤ ኮብልስቶን የለበሰውም መንገድ ዳገትና ጉድጓድ አያጣውም። የክትባት ቀጠሮ አለ፤ የ40 ወይም የ80 ቀን ክርስትና አለ፤ በዓል ሲመጣ ደግሞ ሕፃኑን ለአያቶቹ ለማሳየት ከከተማ መውጣት አለ።

ይሁን እንጂ ገበያው ለገዢ የሚመች አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ታክሳቸውም እንዲጨምር አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚህም የተነሣ በነዳጅ የሚሠራ ፎር ዊል የሚፈልግ ሰው ምርጫው በአመዛኙ ቀድሞ የገባውና በብዙ እጅ ያለፈው መኪና ነው። የአሥራ አምስትና የሃያ ዓመት መኪና ብዙ ገንዘብ ሲጠየቅበት ማየትም እንግዳ ነገር አይደለም።

ገዢው እዚህ ገበያ ውስጥ ሲገባ የለመደው አንድ የጥያቄ ቅደም ተከተል አለ፦ ሞተሩ እንዴት ነው? ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? መለዋወጫው ይገኛል? ነገ ብሸጠው ዋጋውን ይይዛል? ጥያቄዎቹ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ሁሉም ስለ መኪናው እንጂ ስለ ሕፃኑ አይጠይቁም። ለሕፃን ተብሎ የሚገዛ መኪና ምርመራው መጀመር ያለበት ከኮፈኑ ሳይሆን ከኋላ ወንበሩ ነው።

መጀመሪያ የሕፃኑን መቀመጫ ይግዙ

በአገራችን ሕፃን ከሆስፒታል ወደ ቤት የሚገባው በእናቱ ወይም በአያቱ እቅፍ ነው። ፍቅሩ ባያጠያይቅም እቅፍ ግጭትን አይችልም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ 4 ኪሎ የሚመዝነውን ጨቅላ ይዞ ለማስቀረት የሚያስፈልገው ጉልበት ከ55 ኪሎ በላይ የሆነ ዕቃ ከማንጠልጠል ጋር ይስተካከላል። ያውም ባልተዘጋጁበት ቅጽበት። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር እንደሚገምተው፣ በትክክል የታሰረ የሕፃን መቀመጫ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ሞት በቤት አውቶሞቢሎች ውስጥ በ71 በመቶ፣ ፎር ዊሎችን በሚጨምረው የቀላል ጭነት መኪኖች ምድብ ደግሞ በ58 በመቶ ይቀንሳል።

ስለዚህ መኪናውን ከማየትዎ በፊት መቀመጫውን ይግዙና መኪና ለማየት በሄዱ ቁጥር ይዘውት ይሂዱ። ደላላው ሊገረም ይችላል፤ ይገረም። ለጨቅላ የሚሆነው መቀመጫ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚታሰር ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር፣ ልጆች የመቀመጫው የክብደትና የቁመት ወሰን እስከሚፈቅድ ድረስ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው እንዲቀመጡ ይመክራል። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ፣ አንገቱም ገና ያልጠና በመሆኑ፣ በፊት ለፊት ግጭት ጊዜ ጀርባውንና ጭንቅላቱን አንድ ላይ የሚደግፍለት ይህ አቀማመጥ ነው።

መቀመጫውን መኪናው ውስጥ ሲሞክሩ የሚከተሉትን ይመልከቱ፦

አንደኛ፣ የኋላው ወንበር ወገብንና ትከሻን የሚይዝ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ አለው? ቀበቶው ይቆለፋል? ሲስቡትስ ይመለሳል? በብዙ አሮጌ መኪኖች የኋላው ቀበቶ ከወንበሩ ሥር ተቀብሮ ወይም ማያያዣው ጠፍቶ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ አይሶፊክስ አለው? ይህ መቀመጫውን ያለ ቀበቶ በቀጥታ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዝ የብረት ማሰሪያ ነው። እጅዎን በመደገፊያውና በመቀመጫው መገናኛ ውስጥ ቢያስገቡ ሁለት ጠንካራ ብረቶች ያገኛሉ። ከሌለው መኪናው አይሆንም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የገዙት መቀመጫ በቀበቶ የሚታሰር መሆን ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ መቀመጫው ከታሰረ በኋላ ከፊቱ ያለው ወንበር ላይ ሰው በምቾት መቀመጥ ይችላል? ወደ ኋላ የዞረ መቀመጫ ብዙ ቦታ ይወስዳል።

አራተኛ፣ ከጎኑ ማን ይቀመጣል? እናት፣ ሞግዚት፣ አያት እያሉ ይቁጠሩ። ከሕፃኑ መቀመጫ ጎን ሁለት አዋቂ የማያስቀምጥ መኪና በክርስትናው ዕለት ችግሩ ይታያል።

ፎር ዊል ነው ወይስ ፎር ዊል መሳይ?

ከፍ ያለ መኪና ሁሉ ፎር ዊል አይደለም። ቶዮታ ራቭ 4 እና ሀዩንዳይ ቱሳን በፊት እግር ብቻ የሚሄዱም፣ አራቱንም እግር የሚያንቀሳቅሱም ሆነው ተሠርተዋል። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። ቀላሉ ማረጋገጫ መኪናውን አስነሥቶ ከሥሩ ማየት ነው፦ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግና በኋላ እግሮች መካከል ዲፈረንሻል ከሌለ፣ ሻጩ የፈለገውን ቢል መኪናው ባለ አንድ ዲፈረንሻል ነው።

ፎር ዊል የሆኑትም ዓይነታቸው ይለያያል። ሱዙኪ ጂምኒ ሹፌሩ ሲፈልግ ብቻ አራቱን እግር የሚያገናኝ ነው። ይህ ዓይነቱ በደረቅ አስፋልት ላይ ተገናኝቶ መነዳት የለበትም፤ ሲታጠፍ የፊትና የኋላ እግሮች እየተጓተቱ ማርሹን ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 ሞዴል ያለው ራቭ 4 ፎር ዊል በበኩሉ በአብዛኛው በፊት እግር እየሄደ፣ ሲንሸራተት የኋላውን በራሱ ይጠራል፤ የመቆለፊያው ቁልፍም የሚሠራው በዝቅተኛ ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣው ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ ፎር ዊሉና ላንድ ክሩዘር ፕራዶ ግን አራቱንም እግር ሁልጊዜ የሚያንቀሳቅሱ፣ ለከባድ ቦታም ዝቅተኛ ማርሽ የተጨመረላቸው ሞዴሎች አሏቸው።

በሙከራ ጊዜ «ይሠራል» የሚለውን ቃል ሳይሆን ተግባሩን ይመልከቱ። አፈር ወይም ኮረት ያለበት ቦታ ወስደው ማርሹን ያስገቡ፣ ያውጡ፤ መብራቱ መብራቱንና መጥፋቱን ያረጋግጡ። ለዓመታት ያልተነካ ማንሻ ብዙ ጊዜ የማይሠራ ማንሻ ነው።

የትኛው ለየትኛው ቤተሰብ?

ጂምኒ ጠንካራና ነዳጅ ቆጣቢ በመሆኑ ወዳጅ አያጣም። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2018 የተመረተው ትውልድ ሁለት የጎን በር ብቻ ያለው ነው። ሕፃን ይዞ የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ መግባት ለማንም አድካሚ ነው፤ በቀዶ ጥገና ለወለደች እናት ደግሞ ከአድካሚም በላይ ነው። የዕቃ ቦታውም የሕፃን ጋሪ አይችልም። ባለ ሦስት በሩ ቪታራም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ፕራዶ ሰፊና ለሩቅ መንገድ የሚታመን ቢሆንም፣ ከፍታው ለአራስም ለአያትም ፈተና ነው፤ መርገጫ እንዳለው ይመልከቱ፤ የነዳጁንና የጥገናውንም ወጪ አስቀድመው ያስሉ። ለአንድና ለሁለት ልጅ ቤተሰብ መካከለኛዎቹ፣ ማለትም ባለ አምስት በሩ ግራንድ ቪታራ፣ ራቭ 4፣ ቱሳንና ኒሳን ኤክስ ትሬይል ይበልጥ ያመቻሉ።

የሞተር አቅምም ይታሰብ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። አምስት ሰውና ጓዝ የጫነ አነስተኛ ሞተር ዳገት ላይ ሲያቃስት የሚሰማው ለዚህ ነው። ስለዚህ መኪናውን ባዶውን ሳይሆን ቤተሰብ ጭነው ዳገት ላይ ይሞክሩት።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ከፍ ያሉ መኪኖች እንደ ፎልስዋገን አይዲ 4 ያሉት አሁን ሌላው አማራጭ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ሁሉም አራቱን እግር አያንቀሳቅሱም፤ ያገለገለ ሲሆን ደግሞ የባትሪው ጤንነት በመሣሪያ መታየት አለበት።

ከፍታ የሚያመጣው አደጋ

ከፍ ያለ መኪና ጉድጓድ ቢያልፍም፣ ክብደቱ ከመሬት በራቀ መጠን የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። ይህን አደጋ በእጅጉ የሚቀንሰው የኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያ ሲሆን፣ መኪናው ከመሥመሩ ሲወጣ የእያንዳንዱን እግር ፍሬን በተናጠል እየያዘ ይመልሰዋል። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም የቤት መኪኖችና ፎር ዊሎች ላይ ግዴታ አድርጋዋለች። ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን እንደተላኩበት ገበያ ይለያያሉ፤ አንድ ዓይነት ሞዴል ሆኖ አንዱ ማረጋጊያና ስድስት ኤርባግ ሲኖረው ሌላው ሁለት ኤርባግ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ቁልፉ ሲከፈት በዳሽቦርዱ ላይ የምትንሸራተት መኪና ምስል ያለበት መብራት በርቶ ከጠፋ ማረጋጊያው አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው አደጋ በገዛ ግቢ ውስጥ ያለ ነው። ከፍ ያለ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ሹፌሩ የሚዳህ ወይም ገና መራመድ የጀመረ ልጅ አያይም። የአንድ ዓመት ልጅ ቁመት 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህን የሚያህል ካርቶን ከመኪናው ኋላ አስቀምጠው ከሹፌሩ ወንበር ይመልከቱ፤ ካርቶኑ የሚታየው ከስንት ሜትር ርቀት ጀምሮ እንደሆነ ሲያዩ ሊደነግጡ ይችላሉ። የኋላ ካሜራ ከሌለው ማስገጠም ከውድ ቸርኬ ይቀድማል።

ኤርባጉ ራሱ ጠላት ሲሆን

ሁለት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። የመጀመሪያው፣ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን መቀመጫ ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይታሰርም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ መቀመጫውን ከነሕፃኑ ይመታዋል። ሁለተኛው የታካታ ኤርባግ ጉዳይ ነው። የጃፓኑ ኩባንያ የሠራቸው መንፊያዎች ከዓመታት ሙቀትና እርጥበት በኋላ ከመጠን በላይ ፈንድተው የብረት ስባሪ ስለሚረጩ፣ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ለማስተካከያ ተጠርተዋል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በአሜሪካ ገበያ የተሸጡ የተወሰኑ የ2004 እና የ2005 ራቭ 4 ባለቤቶች መኪናቸውን ጨርሶ እንዳይነዱ አሳስቧል። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ከሆነ 17 አኃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር በአገሪቱ የትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ አስገብቶ ያልተሠራለት ጥሪ እንዳለ በነጻ ማወቅ ይቻላል። ከሌላ ገበያ የመጣ ከሆነ የአምራቹን ወኪል ይጠይቁ። የኤርባግ መብራትም ቁልፍ ሲከፈት በርቶ መጥፋት አለበት፤ ጭራሹን የማይበራ ከሆነ ጉድለትን ለመሸፈን ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ጋራዥና ወረቀት

ሻጩ የመረጠውን ሳይሆን እርስዎ የመረጡትን መካኒክ ይውሰዱ። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ወደ ኋላ ስለሚመለስ የፍሬን ፔዳሉን፣ የመሪውንና የሹፌሩን ወንበር ማለቅ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ባቲላሜራ የነካው መኪና የቀለሙ ልዩነት በበሮቹ ጠርዝና በኮፈኑ ሥር ይታያል። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ዕድሜውን ያንብቡ፤ ጎኑ ላይ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው።

ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር በዓይን ይመሳከር። የባንክ እገዳ፣ ያልተከፈለ ቅጣት ወይም ከቀረጥ ነጻ የገባ መሆን አለመሆኑም ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ይጣራ።

ሁሉንም ባይችሉስ?

አብዛኛው ቤተሰብ ገንዘቡ የሚበቃው ለሁሉም ነገር አይደለም። ምርጫ ግድ ሲሆን መጀመሪያ የሚተወው የቆዳ ወንበሩ፣ ቸርኬውና የሞዴሉ ዝና ነው። ቀጥሎ የሚተወው፣ ብዙዎችን ቢያስገርምም፣ ፎር ዊሉ ራሱ ነው። ሥራውም ቤቱም አስፋልት ዳር የሆነ ቤተሰብ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚገጥመው ጭቃ ብሎ ደኅና ቀበቶ የሌለውን ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ከሚገዛ፣ ማረጋጊያና ጤነኛ ኤርባግ ያለውን ባለ አንድ ዲፈረንሻል ቢገዛ ይሻለዋል። ጭቃ ቢይዝ የሚያስከፍለው ሰዓት ነው። የማይተወው ቀበቶው፣ የሕፃኑ መቀመጫና ፍሬኑ ነው።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በዘጠነኛው ወር የሚገዛ መኪና በደላላ ጥድፊያ የሚገዛ ነው። ፍለጋውን ከስድስተኛው ወር በፊት ጀምረው በሰባተኛው ቢጨርሱ፣ ለስም ማዛወሩ፣ ለቦሎና ለኢንሹራንሱ ጊዜ ይተርፋል። ከዋጋው ላይም ለመጀመሪያው ሰርቪስ፣ ለፍሬንና ለጎማ የሚሆን ገንዘብ ይለዩ፤ ያገለገለ መኪና የመጀመሪያውን ወጪ የሚጠይቀው በገዛ እጅ በገባ ማግሥት ነውና። የሕፃኑንም መቀመጫ ከመውለጃው ቀን ሁለት ሳምንት አስቀድመው ይሰሩትና በሁለት እጅ ይዘው ይነቅንቁት፤ ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ወዲያና ወዲህ ካለ ገና አልታሰረም።