አሮጌ ሰንጢ ሲገዛ ከዋጋው አስቀድሞ ምልክቱ ይታይ

የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የቡና ንግድ ማዕከል ናት። በአገሪቱ ከተሞች እንደሚታየው ሁሉ በመንገደኛና በነጋዴ ኪስ የኖረ ሰንጢ ሲያረጅ ወደ ቆራሌው ጆንያ ይገባል፤ ዕድል ካልገጠመውም በአዲስ አበባ ምናለሽ ተራን በመሰሉ ሥፍራዎች ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተቀጥቅጦ ይቀራል።

የሰንጢን ዕድሜ ለመገመት በቅድሚያ መታየት ያለበት ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ሥር የተቀረጸው ምልክት ነው። ለአብነት የስዊዘርላንዱ አምራች ቪክቶሪኖክስ በዚህ ስም መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1921 በመሆኑ፣ ስሙን የያዘ ሰንጢ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። ዞሊንገን የሚለው ስም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በጀርመን ሕግ የተጠበቀ ነው።

ስለቱ በተደጋጋሚ በመሳል አለመጥበቡን፣ ሞላው አለመላላቱንና የቀንድ እጀታው አለመሰንጠቁን ማረጋገጥም ይገባል። ዝገትን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ምልክቱን ስለሚያጠፋ በዘይትና በጨርቅ ማጽዳቱ ይመረጣል።

ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ጥንታዊ ስለት ግን እንደ ተራ ሸቀጥ አይታይም። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲን የመሳሰሉ የትክል ድንጋይ ሥፍራዎች የሚገኙበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለንግድ መግዛትና መሸጥን የከለከለ ሲሆን፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅም ደንግጓል። ከተገኘበት ሥፍራ ተነጥሎ የተሸጠ ቅርስ ስለ ባለቤቶቹ ሊሰጥ የሚችለው ምስክርነት አብሮ ይጠፋልና፣ ገዢው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ገንዘቡን ማውጣት አይኖርበትም።