በልዩ ፍላጎት ትምህርት ገበያ ዋጋ ጥራትን አይናገርም

ክረምት ሲገባ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ምዝገባ ይጧጧፋል። የዩኒፎርሙ፣ የደብተሩና የመጽሐፉ ገበያም አብሮ ይደራል። በዚሁ ወቅት ከሌላው ወላጅ ጋር የማይሰለፉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁ ሸማቾችም አሉ። የአንዱ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ አልያዘም። የሌላዋ ልጅ ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ መቀመጥ አይሆንላትም። ኦቲዝም ወይም ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ይዘው ከበር በር የሚዞሩም ጥቂት አይደሉም።

እነዚህ ወላጆች የሚፈልጉት ተመሳሳይ ዕቃ ነው፤ ልጁን በስሙ የሚያውቅ አነስተኛ ትምህርት ቤት። ፈላጊው ብዙ፣ አቅራቢው ጥቂት፣ መረጃው ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ዋጋ የሚወሰነው በጥራት ሳይሆን በወላጁ ጭንቀት መጠን ነው ማለት ይቻላል።

ቡና የሚገዛ ነጋዴ ናሙና ያያል፣ ደረጃ ይጠይቃል። በካራ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ግን አንዱን ትምህርት ቤት ከሌላው የሚያበላልጥ፣ ወላጅ በቀላሉ የሚያነበው ደረጃ የለም። በዚህም ምክንያት ሚሊዮን ብር የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ለዕቃ ግዢ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለልጁ ትምህርት ቤት ሳያደርግ የዓመቱን ክፍያ ቆጥሮ ሲወጣ ይታያል። የተበላሸ ዕቃ ይመለሳል፤ በማይሆን ክፍል ውስጥ ያለፈ የልጅ ዓመት ግን አይመለስም።

ትልልቆቹ ለምን ይሸሻሉ?

የችግሩ መነሻ ከፊሉ የግል ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያ ነው። ትምህርት ቤት ራሱን የሚሸጠው በፈተና ውጤት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ውጤት ውድ ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኗል። ያሳለፈው ተማሪ ብዛት በትልቅ ሰሌዳ የሚለጠፍ ከሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚማር ልጅ ለባለቤቱ የሒሳብ ጉድለት ተደርጎ ይታያል። «ቦታ ሞልቷል» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከዚህ ስሌት ነው።

ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የልዩ ፍላጎት ትምህርትን ጠቅሷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር በአካቶ እንዲማሩ ይደነግጋል። ሆኖም መብት በወረቀት መጻፉ ብቻውን የሠለጠነ መምህር አያቀርብም።

ክፍተቱን ቀድመው ለመሙላት የተነሱት ራሳቸው ወላጆች ናቸው። «ኒያና» በተባለው የውበት ሥራ ማሠልጠኛቸው በንግዱ ዓለም ይታወቁ የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸው ትምህርት ቤት በማጣቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እሳቸው በ2013 ዓ.ም. ቢያርፉም ሥራቸው ለሌሎች በር ከፍቷል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የተቋቋመው በወላጆች ተነሳሽነት ነው። እነዚህ ግን የበጎ አድራጎት ተቋማት እንጂ ንግድ አይደሉም፤ ፈላጊውን ሁሉ ማስተናገድም አይችሉም። የተረፈው ሸማች ፊቱን የሚያዞረው ቪላ ቤት ተከራይተው ወደሚያስተምሩት አነስተኛ የግል ትምህርት ቤቶች ነው።

የደቂቃው ሒሳብ

ትንሽ ትምህርት ቤት ሁሉ ጥሩ አይደለም። ትንሽነት የሚጠቅመው አዋቂው ለልጁ የሚሰጠውን ጊዜ ሲጨምር ነው። ስለዚህ ወላጅ ማነጻጸር ያለበት ወርኃዊ ክፍያውን ሳይሆን ክፍያው የሚገዛውን ደቂቃ ነው። ስሌቱን ለማሳየት ያህል ሁለት ትምህርት ቤቶችን በምሳሌ እንውሰድ።

የመጀመሪያው በወር 10,000 ብር ያስከፍላል። በአንድ ክፍል 24 ልጆች፣ አንድ መምህርና አንድ ረዳት አሉት። ሁለተኛው 14,000 ብር ያስከፍላል። በክፍሉ 8 ልጆች፣ እንዲሁ አንድ መምህርና አንድ ረዳት አሉት። የቀኑ ትምህርት በሁለቱም 4 ሰዓት ቢሆን ሁለቱ አዋቂዎች በጠቅላላው 480 ደቂቃ ይሰጣሉ። ይህ ለልጆቹ ሲካፈል በመጀመሪያው ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ 20 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 60 ደቂቃ ይደርሰዋል።

በወር 20 የትምህርት ቀን ቢታሰብ የመጀመሪያው 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 20 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ «ርካሹ» ትምህርት ቤት የአዋቂን አንድ ሰዓት በ1,500 ብር ሲሸጥ፣ «ውዱ» በ700 ብር ይሸጣል። ለፈጣን ተማሪ ይህ ልዩነት ላይጎላ ይችላል፤ ከሰሌዳው ራሱ ይማራል። አጠገቡ ሰው ካልተቀመጠ ለማይገፋ ልጅ ግን የሚገዛው ዕቃ እሱው ደቂቃው ነው።

ዘጠነኛው ልጅ

በባለቤቱ በኩል ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። ስምንት ልጆች በ14,000 ብር ሲማሩ የአንድ ክፍል የወር ገቢ 112,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ ሁለት ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ መብራትና የጥበቃ ወጪ ይነሳል። በክረምት ወራት ገቢው ይቀንሳል፤ ኪራይና ደመወዝ ግን አይቆሙም። ከፊታቸው ደግሞ ተራ የሚጠብቁ ወላጆች አሉ።

በዚህ ጊዜ ዘጠነኛውን ልጅ መቀበል ቀላል ነው፤ አሥረኛውም ይከተላል። ልጆቹ 12 ሲደርሱ ገቢው 168,000 ብር ይሆናል። የገቢው ዕድገት 50 በመቶ ሲሆን ደመወዙም ኪራዩም አልጨመረም። የእያንዳንዱ ልጅ ደቂቃ ግን ከ60 ወደ 40 ወርዷል፤ ወላጁም አንዱን ሰዓት በ700 ብር መግዛቱ ቀርቶ በ1,050 ብር እየገዛ ነው። የዋጋ ጭማሪ ሳይታወጅ ዋጋ ጨምሯል ማለት ነው። ይህ የግድ የክፉ ባለቤት ሥራ አይደለም፤ የሥራው ባሕርይ የሚገፋው ነው። ስለሆነም የልጆቹ ቁጥር በውል እስካልታሰረ ድረስ «አነስተኛ ክፍል» የሚለው ቃል ማስታወቂያ እንጂ ግዴታ አይደለም።

ከክፍያው ጀርባ ያለው ክፍያ

ብዙ ወላጆችን የሚያስደነግጠው ከምዝገባ በኋላ የሚመጣው ወጪ ነው። ዋነኛው በከተማው «ሻዶ ቲቸር» የሚባለው፣ ልጁን ብቻ የሚከታተል ረዳት ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ልጁን የሚቀበሉት ወላጁ ይህንን ሰው ከኪሱ ከቀጠረ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ በ10,000 ብሩ ትምህርት ቤት ላይ የ8,000 ብር ረዳት ቢጨመር ጠቅላላው 18,000 ብር ይሆናል፤ ውድ የተባለውን በ4,000 ብር ይበልጣል። ረዳቱ ሥልጠና የሌለው ከሆነ ደግሞ ልጁን ዝም ለማሰኘት የተከፈለ ገንዘብ ነው።

የንግግር ሕክምና፣ የባለሙያ ምርመራና የትራንስፖርት ክፍያም ተለይተው ሊጠየቁ ይገባል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በውጭ አገር ቁሳቁስና በውጭ ባለሙያ ላይ የተመሠረተ አገልግሎት ዋጋው ከዶላር ጋር ይንቀሳቀሳል። ክፍያው በብር ቢጻፍም መሠረቱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይበጃል።

በምርመራው ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤቱ አማርኛ የሚናገርን ልጅ በእንግሊዝኛ መፈተን የቋንቋ ክፍተትን እንደ እክል ሊያስቆጥር ይችላል። የግል ትምህርት ቤት ልጅ ከለጋነቱ ጀምሮ ሁለት ጽሕፈት ይሸከማል። በአንድ በኩል ለ እና ሰ፣ ደ እና ጀ፣ ተ እና ቸ በትንሽ ጭረት የሚለዩበት፣ በሰባት ቤት የሚረባ ፊደል አለ፤ በሌላ በኩል ድምፅና ጽሑፍ የማይገጥሙበት የእንግሊዝኛ ንባብ አለ። ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ያለበት ልጅ በሁለቱም ሊቸገር ይችላል፤ ችግሩ ግን የአእምሮ ማነስ አይደለም። ድምፅን ከፊደል ጋር ደረጃ በደረጃ እያያያዘ በሚያስተምር መምህር እጅ ንባቡ ይሻሻላል። ስለዚህ «ንባብ የምታስተምሩት እንዴት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «በፍቅር» ብቻ ከሆነ በቂ አይደለም።

በሩ ላይ የሚጠየቀው

ጉብኝት በበዓል ወይም በወላጆች ቀን ሳይሆን በአዘቦት ቀን፣ ትምህርት እየተሰጠ መሆን አለበት። ጥቂት ጥያቄዎች ብዙ ይገልጣሉ።

አንደኛ፣ ባለፈው መስከረም ከነበሩት መምህራን ስንቶቹ አሁንም አሉ? የዚህ ትምህርት ዋናው ካፒታል ሰው ነው፤ መምህር በየመንፈቁ የሚለዋወጥበት ቤት ልጁን በየመንፈቁ ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ሁለተኛ፣ ስሙ ተሸፍኖ የአንድ ተማሪ የግል የትምህርት ዕቅድ ማየት ይቻላል? «ንባቡን ማሻሻል» የሚል ዕቅድ፣ ዕቅድ አይባልም። «እስከ ጥር ድረስ ግዕዝና ካዕብን ለይቶ ያነባል» የሚል ግን ይለካል።

ሦስተኛ፣ ልጅ ሲረብሽ ምን ይደረጋል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ቁንጥጫን «ትንሽ ነገር ነው» የሚል ቤት ካለ ጉብኝቱ እዚያው ላይ ሊያበቃ ይችላል።

አራተኛ፣ የትምህርት ባለሥልጣኑ የዕውቅና ፈቃድ አለ? እስከ ስንተኛ ክፍል? የንግድ ፈቃድ ብቻ ያለው «ማዕከል» ተማሪውን ለ6ኛ ወይም ለ8ኛ ክፍል ፈተና ላያቀርብ ይችላል። መግቢያው ሲታይ መውጫውም አብሮ ይታያል።

አምስተኛ፣ የቤቱ ኪራይ ውል ስንት ዓመት ቀረው? አከራይ ቤቱን ከሸጠ ወይም አካባቢው ለልማት ከተፈለገ ትምህርት ቤቱ በዓመት አጋማሽ ሊነቀል ይችላል። ለውጥ ለሚከብደው ልጅ ይህ ቀላል አደጋ አይደለም።

ስድስተኛ፣ የማትቀበሉት ምን ዓይነት ልጅ ነው? «ሁሉንም እንቀበላለን» የሚል ቤት ደግ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ንባብ ብቻ የከበደውን ልጅና ገና ንግግር ያልጀመረን ልጅ በአንድ መምህር ሥር የሚያስቀምጥ ከሆነ ሁለቱም ይጎዳሉ። አቅሙን አውቆ «ይህን አንችልም» የሚል ባለቤት ሊታመን ይገባል።

ውሉ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ስምምነቱ መጀመሪያውኑ በጽሑፍ ይሁን። አራት ነጥብ ይበቃዋል፦ በክፍሉ የሚገኙት ልጆች ከፍተኛ ቁጥርና የአዋቂዎቹ ብዛት፣ በየመንፈቁ የሚለካ የልጁ ግብ፣ ከወርኃዊው ክፍያ ውጭ የሚጠየቅ ማንኛውም ወጪ፣ እንዲሁም ቁጥሩ ቢጣስ ወይም መምህሩ ቢለቅ ወላጁ ቀሪ ገንዘቡን ይዞ የሚወጣበት መንገድ። የዓመቱን በአንድ ጊዜ ከመክፈል በየተርሙ መክፈል ይመረጣል፤ ቅናሹ ቢያጓጓም የወላጁ የመደራደር ኃይል ያልተከፈለው ገንዘብ ነው።

ይህን ውል የሚፈርም ትምህርት ቤት ከሌላው የበለጠ ሊያስከፍል ይችላል፤ ቢያስከፍልም ምክንያት አለው። ዘጠነኛውን ልጅ ላለመቀበል ያጣው ገቢ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበትና። የማይፈርም ከሆነ ግን ወላጁ ሊገዛ የመጣው ትንሽነት ለሽያጭ አልቀረበም ማለት ነው። የጥር ወር ሲደርስ ደግሞ ውሉን ከመሳቢያ አውጥቶ፣ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ በክፍሉ ያሉትን ልጆች አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር ነው።