ሥሩ የታከመ ጥርስ ሽፋን ያስፈልገዋል

ጥርስ ሲታመም ብዙ ሰው የሚያውቀው መፍትሔ ማስነቀል ነው። ነገር ግን ነርቩ የታመመ ጥርስ ሳይነቀል ሊድን ይችላል። የእኔም የመንጋጋ ጥርስ በዚህ ዓመት በዚሁ ሕክምና ስለ ተረፈልኝ፣ የተረዳሁትን ለጓደኞቼና ለወላጆች ላስረዳ።

ሐኪሙ የተበላሸውን ነርቭ ያወጣል፤ በሥሮቹ ውስጥ ያሉትንም ቀጫጭን ቦዮች ጠርጎና አጥቦ ይደፍናቸዋል። የታች መንጋጋ ጥርስ ብዙውን ጊዜ 2 ሥርና 3 ቦይ አለው። ቀጥሎም ቀዳዳው በጊዜያዊ መሙያ ይዘጋል። በዚህን ጊዜ ሕመሙ ስለሚጠፋ ሕክምናው ያለቀ ይመስላል፤ ለጥርሱ የታሰበውም ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ይውላል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ጊዜያዊው መሙያ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ይሸረፋል፤ በስንጥቁም ምራቅና ተሐዋስያን ገብተው የተጠረገውን ቦይ እንደገና ይበክሉታል። ነርቩ ስለሌለም ጥርሱ ቶሎ ላያሳውቅ ይችላል። ከዚህም በላይ ውስጡ የተቦረቦረ ጥርስ ቆሎ ሲቆረጠምበት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እስከ ሥሩ ከወረደ ግን ብዙውን ጊዜ ከመነቀል አይድንም።

የፊት ጥርስ ብዙ ካልተጎዳ ቋሚ መሙያ ሊበቃው ይችላል። የመንጋጋ ጥርስ ግን የማኘክ ኃይል ስለሚያርፍበት፣ እንደ እኔው ጥርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክራውን የሚባል በልኩ የተሠራ ሽፋን ያስፈልገዋል። ሽፋኑም ጥርሱን ከላይና ከዙሪያው አቅፎ ይይዘዋል።

ወላጆች ሆይ፣ የመጀመሪያው ቋሚ የመንጋጋ ጥርስ በ6 ዓመት ገደማ ይበቅላል፤ ከተነቀለ ሌላ አይተካም። እንግዲህ ሕመሙ ቢጠፋም የመጨረሻውን ቀጠሮ አታሳልፉ።