ስለ ኢሪስና ስለ ቀስተ ደመና

በክረምት ወራት በደብረ ታቦር አገር ዝናሙ አባርቶ ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ፤ በጉና በኩል ቀስተ ደመና ይታያል። ሕዝቡ የማርያም መቀነት ይለዋል፤ ኦሪትም ለኖኅ የተሰጠ የኪዳን ምልክት መሆኑን ይናገራል። የጥንት ጽርዓውያን፤ ማለት ግሪኮች፤ ቀስቱን ኢሪስ የምትባል ሴት አምላክ ናት ይሉ ነበር።

ኢሪስ ከታላላቆቹ አማልክት ጋር የምትቈጠር አይደለችም፤ ሥራዋ መልእክት ማድረስ ነው። ባለቅኔው ሄስዮዶስ የታውማስ ልጅ ይላታል፤ የአባቷም ስም በጽርዕ ቋንቋ መደነቅ ከሚለው ቃል ጋር ይገጥማል። አፍላጦንም የጥበብ መጀመሪያ መደነቅ ነው ሲል ይህን ትውልድ በመልካም አንሥቶታል።

የሆሜሮስ ኢልያዳ በ23ኛው ክፍል ስለ እርሷ የሚተርከው ለአገሩ ሰው ጆሮ ልዩ ነው። አኪሌስ የወዳጁን የጳጥሮክሎስን አስከሬን ሊያቃጥል እሳት ቢለኩስ እንጨቱ አልነድ አለው፤ ነፋሳትንም ለመነ። ኢሪስ ልመናውን ሰምታ፤ ነፋሳት ግብር ተቀምጠው ሲበሉ ደረሰችና በደጃፉ ቆመች። ሁሉም ተነሥተው እያንዳንዱ ከአጠገቡ እንድትቀመጥ ለመናት። እርሷ ግን በውቅያኖስ ዳር ኢትዮጵያውያን ለአማልክት መሥዋዕት ስለሚያቀርቡ ከዚያ ድግስ እንዳትቀር መቸኰሏን ገልጻ፤ የመጣችበትን ነገር ተናግራ ሄደች። በአገሩ ልማድ ግን እንዲህ ያለ እንቢታ ባለቤቱን ሳያስቀይም አይቀርም።

ይህን ያነበበ ሽማግሌ፤ ሆሜሮስ ስለ አክሱም ወይም ስለ ጉና ተናገረ ብሎ ደስ ሊለው ይችላል፤ መምህሩ ግን በዚህ ይጠንቀቅ። ኢትዮጵያዊ የሚለው የጽርዕ ቃል ፊቱ የተቃጠለ ተብሎ ይተረጐማል፤ ከግብጽ በስተደቡብ ያሉትም ጥቁር ሕዝቦች ይጠሩበት ነበር። ሆሜሮስ ራሱ በኦዲሴያ ከፊሎቹን በፀሐይ መውጫ፤ ከፊሎቹን በፀሐይ መግቢያ ያኖራቸዋል፤ እንዲህ ያለውን አገር በካርታ ላይ ማመልከት አይቻልም። ስሙ በአክሱም ድንጋይ ላይ የሚገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና ባስቀረጸው ጽሑፍ፤ በግዕዙ ሐበሠት የተባለው በጽርዑ ኢትዮጵያውያን ተብሏል።

የቀስቱ ምክንያት ግን ሌላ ነው። የፀሐይ ብርሃን ወደ ዝናም ጠብታ ሲገባ ይሰበራል፤ ከውስጥ ተመልሶ ሲወጣም ዳግመኛ ተሰብሮ በየቀለሙ ይለያል። ቀስቱ በ42 ዲግሪ ገደማ የሚታይበትን ምክንያት ፈረንሳዊው ደካርት በ1637 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። ስለዚህ በሜዳ ለቆመ ሰው ፀሐይ ከፍ ባለች ጊዜ አይታይም፤ ጧት በምዕራብ፤ ማታ በምሥራቅ ይወጣል። ተማሪም ውሃ በአፉ ይዞ፤ ጀርባውን ለጧት ፀሐይ ሰጥቶ እፍ ቢል፤ ትንሽ ቀስት ከፊቱ ያያል።