ከወጌሻው በፊት

መስከረም 21 የአረጋውያን ቀን ሲከበር ስለ ጡረታና ስለ ጧሪ ማጣት ብዙ ይባላል፤ ስለ መውደቅ ግን እምብዛም አይነሳም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት 684 ሺህ ያህል ሰው ወድቆ ይሞታል ይላል። በድንገተኛ ጉዳት ከሚመጣ ሞት ከመንገድ አደጋ ቀጥሎ ያለው ይኸው ነው፤ ከሟቾቹም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ናቸው።

እኛ ቤት ወሬው የሚጀምረው አጥንት ከተሰበረ በኋላ ነው፤ ወጌሻ ይጠራ ወይስ ሆስፒታል ይወሰዱ? አጥብቆ የታሰረ እንጨት ደም አግዶ እጅ እግር እንዳስቆረጠ ሐኪሞቻችን ደጋግመው ስለጻፉ ክርክሩ ከንቱ አይደለም። የዳሌ ስብራትም በማሸት አይድንም። ግን ሁለቱም ወገን የሚደርሰው ካለፈ በኋላ ነው።

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ የመውደቁ ነገር በሙቀቱ ይብሳል። መጸዳጃው ጓሮ ነው፤ እናት ሌሊት ላለመውጣት ብለው ከማታ ጀምሮ ውኃ ይቀንሳሉ። ቀን በላብ የወጣው አልተተካም፤ ለደም ግፊት የሚያሸና ክኒን ከተጨመረበት ደግሞ ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ይጨልማል። ደፉን በጨለማ ተሻግረው፣ በነጠላ ጫማ ጉድጓዱ ላይ ቁጢጥ ብለው ሲነሱ የሚይዙት የለም፤ ቆርቆሮውን ይገፋሉ፣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ለውዱእ በረጠበ እግር መራመድም ያው ነው። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ጉድጓዱ አጠገብ በደንብ የተተከለ አጣና፣ ትራስ ሥር ባትሪ፣ ከመነሳት በፊት አልጋ ጫፍ ላይ ትንሽ መቀመጥ። ክኒኑን ግን በራስ ማቋረጥ አይገባም፤ ሐኪም ያማክሩ።

ከምርምሩ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ የኒውዚላንዱ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ባለሙያ ቤት ድረስ ሄዶ በሳምንት ሦስት ቀን የሚሠራ የእግር ማጠንከሪያ ያስተምራል፤ ከወንበር መነሳት፣ በጣት መቆም፣ ተረከዝን ከጣት እያገጣጠሙ መራመድ። ከ1000 በላይ አረጋውያን በተሳተፉባቸው አራት ጥናቶች መውደቅ በ35 በመቶ ቀንሷል፤ በሁለቱ ያስተማሩት ነርሶች ነበሩ። የዓይን ሞራን ማስወገድም በእንግሊዝ ጥናት ተመሳሳይ ውጤት አሳይቷል። ቫይታሚን ዲ ብዙ ተወርቶለት ነበር፤ እጥረት ለሌለበት ሰው ከመውደቅ እንደማያድን ከታወቀ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የ39 አገሮች ባለሙያዎች መውደቅን ለመከላከል ያወጡት መመሪያ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ባለፈው ዓመት ወድቀዋል? ሲቆሙ ወይም ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ? እወድቃለሁ ብለው ይሰጋሉ? በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ እናትና ሕፃን ሲጠይቁ ጥግ የተቀመጡትን አያትም እነዚህን ሦስቱን ይጠይቋቸው። አዲስ ሠራተኛ መቅጠር አያስፈልግም።