ከውጭ አገር የሚመጣ የጤና በጎ ፈቃደኛ በሀብሩ ቀበሌዎች ምን ሊሠራ ይችላል?

ከደሴ ወደ ሰሜን ወሎ ዞን ርዕሰ ከተማ ወልዲያ የሚጓዝ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን መርሳን ያገኛል። ወረዳው ከአፋር ክልል ከሚዋሰነው ቆላማ ክፍል ተነስቶ በምዕራብ በኩል እስከ ተራራማው አካባቢ ይዘልቃል። በቆላው ከዝናብ በኋላ ወባ ዋነኛ ስጋት ሲሆን፣ በተራራማው ክፍል ደግሞ ነፍሰ ጡር እናትን በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት ማድረስ ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

በእንዲህ ዓይነቱ አካባቢ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ሆኖ በነፃ ለማገልገል የሚሹ የውጭ አገር ዜጎች ጥያቄ ለአንድ ጽሕፈት ቤት ሲቀርብ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምላሽ ፈጣን እሺታ ነው። እንግዳን መቀበል ባህላችን በመሆኑ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ሆኖም ከእሺታው በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ እንግዳው በየትኛው መዋቅር ውስጥ፣ ከማን ጋር ይሠራል የሚለው ነው።

የኢትዮጵያ ገጠር የጤና ሠራተኛ የሌለበት ባዶ ቦታ አይደለም። በ1995 ዓ.ም በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲመደቡ ተደርጓል። ባለሙያዎቹ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁና በተቻለ መጠን ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ ሲሆኑ፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው በመንግሥት ደመወዝ ሥራ የጀመሩ ናቸው። አንድ ጤና ኬላ በአማካይ 5 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተቋቋመ ነው። ሥራው በመጀመሪያ በ16 ፓኬጆች የተከፋፈለ ነበር። ከእነዚህም መካከል የመፀዳጃ ቤት ግንባታ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የወባ መከላከልና የእናቶች ክትትል ይገኙበታል። በኋላም ባለሙያዎቹ ወባን በፈጣን መመርመሪያ ለይተው መድኃኒት እንዲሰጡ፣ ከ2003 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የሕጻናትን የሳንባ ምች በጤና ኬላ እንዲያክሙ ተፈቅዶላቸዋል።

ከባለሙያዎቹ ሥር ደግሞ ክፍያ የማያገኙ ሴቶች አሉ። በ2003 ዓ.ም ገደማ የተዘረጋው የሴቶች የልማት ሠራዊት ሠላሳ ያህል አባወራዎችን በአንድ የልማት ቡድን፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ በአንድ ለአምስት አደራጅቷል። በጎጡ ማን እንዳረገዘች፣ የማን ልጅ ክትባት እንዳቋረጠ፣ በየትኛው ቤት አጎበሩ ሳይሰቀል እንደተቀመጠ ቀድማ የምታውቀው የቡድን መሪዋ ናት። መልእክቱም በአዳራሽ ስብሰባ ብቻ አይተላለፍም፤ ወሎ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በሚሰባሰብበት ቤትና በቅሬ ላይ ጭምር ይነገራል። ቅሬ በሌላው አካባቢ እድር የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር ነው።

የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንዳመለከቱት በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕጻናት ሞት በ1992 ዓ.ም ከአንድ ሺህ ሕጻናት 166 የነበረ ሲሆን በ2008 ዓ.ም ወደ 67 ዝቅ ብሏል። ውጤቱ የጤና ኬላዎቹ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የመንገድ፣ የትምህርትና የምግብ ዋስትና ሥራዎችም ድርሻ ነበራቸው። ያም ሆኖ የእነዚህ ሴቶች የቤት ለቤት ጉብኝት ባይኖር ክትባቱ ከጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ርቆ ባልሄደ ነበር።

የውጭ በጎ ፈቃደኞች ከእንዲህ ዓይነቱ አካባቢያዊ ኃይል ጋር ሲቀናጁ ምን ሊያስገኙ እንደሚችሉ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ታሪክ ያሳያል። ዘመቻው በ1963 ዓ.ም በጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና በዓለም ጤና ድርጅት ትብብር ሲጀመር፣ በእ.ኤ.አ 1971 ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ከአሜሪካው የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር)፣ ከጃፓንና ከኦስትሪያ የመጡ ወጣቶች በእግርና በበቅሎ ከኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ጋር ገጠሩን አስሰዋል። ሥራቸው በሽታው ያለበትን መንደር መፈለግ፣ በዚያው አካባቢ የሚገኙትን ሁሉ መከተብና ወደሚቀጥለው መሄድ ነበር። በገበያና በትምህርት ቤት የሕመምተኛ ፎቶግራፍ እያሳዩ "እንዲህ ያለ ሰው የት አይታችኋል?" ብሎ መጠየቅ ዋነኛ ዘዴ ነበር። ጥያቄው በአገሬው ቋንቋ ካልቀረበና ጠያቂው ካልታመነ ግን መልስ አያገኝም። በኢትዮጵያ የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት ገዳይነቱ አነስተኛ በመሆኑ ብዙ ሰው አይፈራውም ነበር፤ በአንዳንድ ቦታም ሕዝቡ በልማድ ከሕመምተኛው ቁስል ወስዶ ይከተብ ስለነበር አዲሱን ክትባት ለማስቀበል ብዙ ማግባባት አስፈልጓል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም በባሌ ቆላማ ክፍል ተገኘ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ወጣቶቹ የመጡበት ሥራ ግልጽ፣ የሚለካና መጨረሻ ያለው መሆኑ ነው። ዛሬ አንድ እንግዳ "ማኅበረሰቡን መርዳት እፈልጋለሁ" ብሎ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው።

የሰላም ጓድ በ1955 ዓ.ም መግቢያ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1969 ዓ.ም ሥራውን አቋርጦ ነበር። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ተመልሶ የነበረ ሲሆን፣ በ2000 ዓ.ም በኤች አይ ቪ/ኤድስ መከላከል ላይ በማተኮር እንደገና ገብቷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም ደግሞ በኮቪድ-19 ምክንያት እንደ ሌሎች አገሮች ሁሉ ከዚህም በጎ ፈቃደኞቹን አስወጥቷል። የድርጅቱ ልማድ አስተማሪ ነው፤ አገልግሎቱ 27 ወራት ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የቋንቋና የባህል ሥልጠና ናቸው። ለሦስት ሳምንት መጥቶ ሁለቱን ከአስተርጓሚ ጋር የሚያሳልፍ ቡድን ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። እንዲህ ያለውን ቡድን ለማስተናገድ የጤና ኬላው ባለሙያ ሥራዋን ትታ መንገድ መሪ የምትሆን ከሆነ፣ ወጪው በመጽሐፍ ባይመዘገብም በክትባት ቀጠሮ ላይ ይታያል።

ኢትዮጵያውያንም በተራቸው እንግዳ ሆነው ያውቃሉ። በኢቦላ ወረርሽኝ ወቅት በ2007 ዓ.ም 187 የጤና ባለሙያዎች በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር ወደ ምዕራብ አፍሪካ ዘምተዋል። እነርሱም የሕሙማንን ንክኪ ለማወቅ የየመንደሩን ሰው እገዛ ሳይፈልጉ ሥራቸውን ማከናወን አይችሉም ነበር።

አሳሳቢው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው በጎ ፈቃደኛ ብዙውን ጊዜ የመኖሪያ አበልና የሕክምና ዋስትና አለው። ከእርሱ ጎን የምትቆመው የልማት ቡድን መሪ የእርሻና የጓዳ ሥራዋን አቋርጣ ስትመጣ የሚከፈላት የለም። በአማራ ክልል ገጠር የተካሄደና እ.ኤ.አ በ2018 ቢኤምሲ ፐብሊክ ሄልዝ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ የልማት ሠራዊቱ በጎ ፈቃደኞች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ ለችግርና ለጭንቀት የተጋለጡ መሆናቸውን አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ለሚሠሩት ሥራ ተመጣጣኝ ክፍያ እንዲያገኙ መክሯል። በዚህ ጸሐፊ እምነት አንድ ጽሕፈት ቤት ለእንግዳው ማረፊያ ቤት ሲያፈላልግ ለቡድን መሪዋም ቢያንስ የመንገድና የምሳ ወጪ የሚሸፍንበትን መንገድ አብሮ ማየት ይኖርበታል። አለበለዚያ በጎ ፈቃድ የሚለው ቃል በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ትርጉም ይይዛል።

ጥያቄ የቀረበለት ኃላፊ ሊያጣራቸው የሚገቡ ነጥቦችም ከዚሁ ይመነጫሉ። እንግዳው ሕክምና ነክ ሥራ የሚሠራ ከሆነ የሙያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው በአገሩ የማይፈቀድለትን መርፌ እዚህ ሊወጋ አይገባም። የሚቆይበት ጊዜ ቋንቋ ለመልመድ የሚበቃ መሆኑ፣ ተጠሪነቱ ለጤና ጣቢያው መሆኑና ሲሄድ ሥራውን ማን እንደሚረከብ በጽሑፍ መታወቅ አለበት። የአካባቢው ጸጥታ ሁኔታም ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ነው።

ወልዲያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም በሕወሓት ታጣቂዎች ቁጥጥር ሥር በቆዩበት ጊዜ የጤና ተቋማት ከፍተኛ ውድመት ደርሶባቸዋል። በክልሉ በጦርነቱ የተጎዱት ጤና ኬላዎች ብቻ ከ1 ሺህ 700 በላይ እንደነበሩ ተገልጿል። በአንድ ጤና ኬላ ከመድኃኒቱና ከአልጋው ሌላ የእያንዳንዱን ቤት የእርግዝና፣ የክትባትና የንጽህና መረጃ የያዘ የቤተሰብ ማህደር ይገኛል። ማህደር በጠፋበት ቀበሌ መረጃውን መልሶ ለማሰባሰብ ከጎጥ ጎጥ መዞር፣ የቡድን መሪዋ በቃል የምታውቀውን በወረቀት ማስፈርና ከባለሙያዋ ጋር ማመሳከር ግድ ይሆናል። ይህ የሙያ ፈቃድ የማይጠይቅ፣ አማርኛ የተማረ አንድ እንግዳ ከሁለቱ ሴቶች ጋር ሆኖ ጀምሮ ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ነው።