ፒችትሪው ወጣ፣ ስሙ ግን መዝገብ ላይ ቀረ

እንደሚታወቀው በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ በሚገኘው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የነጋዴው ዋና ሰነድ ለረጅም ዘመን የዱቤ ደብተር ነበር። ዛሬም ለብዙው እንደዚያው ነው። ሒሳቡን ወደ ኮምፒውተር ያዛወረው ነጋዴ ግን ደብተር የማያውቀው አዲስ ዓይነት ኪሳራ ይጠብቀዋል።

ለምሳሌ ከቦረና ጤፍና ስንዴ እየሰበሰበ ወደ ደሴ የሚልክ አንድ ነጋዴ እናስብ። ሒሳቡ የተያዘው በአገራችን በስፋት በተለመደው ፒችትሪ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ቀን አልከፈት ይላል። ቴክኒሻን ተጠርቶ ያራግፈዋል፤ መልሶ ሊጭነው ሲል ግን ሥራው መሐል ላይ ይቆማል ወይም ፕሮግራሙ ቀድሞ ተጭኗል የሚል መልእክት ይመጣል። ከዚህ በኋላ የሚሰጠው የተለመደ ፍርድ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ማን ምን ያህል እንደተበደረ፣ ለመጋዘን ምን እንደገባ፣ ለግብር የሚቀርበው ሒሳብ የት እንደደረሰ የሚያሳየው ፋይል በዚሁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከነበረ አብሮ ይጠፋል።

የቀረው ምንድን ነው?

ዊንዶውስ የፕሮግራሞችን ቅንብር የሚመዘግብበት ሬጅስትሪ የተባለ መዝገብ አለው። በመጀመሪያ በ1992 እ.ኤ.አ. በዊንዶውስ 3.1 በጠባቡ ታየ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው ዊንዶውስ 95 ደግሞ ዋናው የቅንብር ማኅደር ሆነ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ቅንብሩን የሚጽፈው አይኤንአይ በሚባሉ ትናንሽ ፋይሎች ነበር። ፕሮግራም ሲጫን ስሙን፣ የተቀመጠበትን ቦታና የሥሪት ቁጥሩን እዚህ ያስመዘግባል። ሲራገፍ ሁሉንም መሰረዝ ነበረበት፤ ብዙዎቹ ግን አይሰርዙም።

ነገሩ ከዱቤ ደብተር ጋር ይመሳሰላል። ከተማውን ለቆ የሄደ ደንበኛ ስም ደብተሩ ላይ ቢቀር ሱቁ አይዘጋም። ኮምፒውተሩም የሚፈልገውን መስመር በስሙ ስለሚያወጣ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አያነብም። ስለሆነም ጥቂት መቶ የሞቱ መስመሮች ቢቀሩ ፍጥነቱ አይቀንስም። ችግር የሚመጣው በዚያው ስም አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ነው፤ አሮጌው ሒሳብ ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል።

በፒችትሪ ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ብቻውን አይሠራም፤ ፐርቬሲቭ የተባለ የመረጃ ቋት ሞተር አብሮት ይጫናል። ፒችትሪው ወጥቶ ፐርቬሲቭ ወይም የእሱ መስመሮች ከቀሩ አዲሱ ጭነት ሊሰናከል ይችላል። ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ፒችትሪን በ1999 እ.ኤ.አ. ገዝቶ በኋላ ሴጅ 50 ብሎ ቢሰይመውም የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም።

ጠራጊውስ?

በገበያው ላይ ሬጅስትሪ እናጸዳለን፣ ኮምፒውተር እናፈጥናለን የሚሉ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። ማይክሮሶፍት ራሱ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሬግክሊን የተባለ ጠራጊ አውጥቶ ነበር፤ በኋላ ግን አቋረጠው። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ጠራጊዎችን እንደማይደግፍ በይፋ ይናገራል። ምክንያቱም ጠራጊው የሞተውን መስመር ከሕያው የሚለየው በግምት ነው። ግምቱ ቢስት ሌላ ደህና ፕሮግራም ይቆማል።

ከዚህም ሌላ የደኅንነት ጥያቄ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሲክሊነር የተባለው ታዋቂ ጠራጊ ከአምራቹ ዘንድ በወጣበት ሥሪቱ ውስጥ ተንኮል አዘል ኮድ ገብቶ 2.27 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች ጭነውት ተገኝተዋል። ከአምራቹ የወጣው እንዲህ ከሆነ፣ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዞረውን ቅጂ ማን ሊዋስ ይችላል?

ርካሹ መንገድ

ሥራው በቅደም ተከተል ከተያዘ ወጪው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ማንም እጁን ከማስገባቱ በፊት የድርጅቱ ዳታ ያለበት ፎልደር ሙሉውን ወደ ፍላሽ ይገልበጥ። ፕሮግራሙ ካልተከፈተ የራሱን ፒቲቢ የተባለ ባክአፕ ማውጣት ስለማይቻል የፎልደሩ ቅጂ ብቸኛው መያዣ ነው። ፎልደሩ የት እንዳለ የማያውቅ ባለሱቅ ዛሬውኑ ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ፒችትሪው ከወጣ በኋላ ፐርቬሲቭም በስሙ ተፈልጎ ለብቻው ይራገፍ። አልወጣ ካለ ማይክሮሶፍት ለተሰናከለ ጭነትና ማራገፍ በነፃ የሚሰጠው መፍትሔ አለ።

ሦስተኛ፣ መስመር መሰረዝ ግድ ከሆነ የሚሰረዘው በዚያ ፕሮግራም ስም ያለው ብቻ ነው። ከመሰረዙ በፊት ገጹ «ኤክስፖርት» ተብሎ ይቀመጥ፤ ስህተት ቢፈጠር ይመለሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ጭነቱ እንደገና ይሞከር።

አራተኛ፣ የተጫነበት ሲዲና ቁጥሩ ይጠበቅ። በአዲስ ሥሪት የተሠራ ሒሳብ በአሮጌ ሥሪት አይከፈትም።

ፎርማት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ቦታውን የሚያገኘው ያገለገለ ኮምፒውተር ሲገዛ ነው፤ የሻጩን ቅሪት መውረስ አያስፈልግም። በዚህ ግዢ ላይ የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዳበቃ በዋጋ ድርድሩ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል።

ከደሴ ከአንድ መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ለሚርቅ ገበያ ይህ ጥንቃቄ የበለጠ ይመዝናል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የጎደለውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት አወርዳለሁ ማለት ዋስትና እንደማይሆን ታይቷል። በእጅ ያለ ሲዲና በሌላ ቤት የተቀመጠ ፍላሽ ግን ኔትወርክ አይጠይቁም።

በኢኮኖሚ ቋንቋ ስንናገር ኮምፒውተሩ ተተኪ ዕቃ ነው፤ የሦስት ዓመት የዱቤ ሒሳብ ግን ሻጭ የለውም። ስለዚህ ቴክኒሻኑ «ፎርማት» ሲል ባለሱቁ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ሳይሆን «ዳታዬ የት ነው?» የሚለውን ይሁን።